በጥቂት ወጪ ስለሚሠራ የሥጋ ማጠኛ ቤት

ሥጋን በጨውና በጭስ ጠብቆ ለብዙ ጊዜ ማቆየት በአገራችን ከጥንት የታወቀ ሙያ ነው። በቀድሞው ዘመን ዘማች ስንቁን ራሱ ይዞ ሲነሣ፥ ከበሶውና ከዳቦ ቆሎው ጋራ ቋንጣ መያዙ የተለመደ ነበር። ዛሬም ባልትና ያላት ሴት ሥጋውን ዘልዝላ፥ ጨውና በርበሬ ነስንሳ፥ ከምድጃው በላይ በገመድ ትሰቅለዋለች። ሙያው ሳለ የጐደለው ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ሥፍራ ብቻ ነው።

ይህ ጉድለት በምዕራብ ሸዋ በካቺሲ አካባቢ ጐልቶ ይታያል። ካቺሲ የግንደ በረት ወረዳ ከተማ ስትሆን፥ አገሩ ከደጋው ሜዳ ተነሥቶ ወደ ዐባይ ሸለቆ ቁልቁል የሚወርድ ነው። በሬ በዚህ ዐይነቱ ተዳፋት ሲያርስ ወይም ሲሰማራ ወድቆ እግሩ የተሰበረ እንደ ሆነ፥ ባለቤቱ ወዲያው ከማረድ በቀር ሌላ መንገድ የለውም። ጎረቤት በቅርጫ ቢካፈለውም፥ ጊዜው ጾም ከሆነ የሚገዛው ሰው ያንሳል። ወራቱም ክረምት ከሆነ፥ በፀሐይ ላድርቀው ቢል ፀሐይ የለም፤ ሥጋውም በጥቂት ቀን ይሸታል። እንግዲህ ገበሬው በሬውንም ሥጋውንም በአንድ ሳምንት አጣ ማለት ነው። በጥቂት ድካም የሚሠራ የማጠኛ ቤት ቢኖረው ግን ከጉዳቱ እኩሌታውን ሊያድን ይችላል።

ጭስ ሥጋን የሚጠብቅበት ምክንያት እንዲህ ነው። ስብ የሌለው ትኩስ ሥጋ ከ100 እጅ 75 የሚሆነው ውሃ ነው፤ የሚያበሰብሱት ረቂቅ ተሕዋስያንም የሚራቡት በዚህ ርጥበት ነው። ጨው ውሃውን ይስባል፤ ሙቀቱና ነፋሱ ያደርቀዋል፤ ጭሱ ደግሞ ዝንብን ያርቃል፥ ሻጋታን ይከላከላል፥ ስቡም ቶሎ እንዳይኰመጥጥ ያደርጋል። ስለዚህ ጨውና መድረቅ ዋናዎች ሲሆኑ፥ ጭስ ረዳታቸው ነው። ሳይደርቅ ጭስ ብቻ የነካው ሥጋ ውጭው አምሮ ውስጡ ይበሰብሳል።

ቤቱ የሚሠራው እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ ከመኖሪያ ቤትና ከእህል ክምር ቢያንስ 20 ክንድ የራቀ፥ ጥቂት ተዳፋት ያለው ሥፍራ ይመረጣል። በታችኛው በኩል ጥልቀቱም ስፋቱም 1 ክንድ የሆነ የእሳት ጕድጓድ ይቆፈራል። ከዚያ ወደ ላይ የሚያቀና፥ ርዝመቱ 2 ክንድ፥ ስፋቱ 1 ስንዝር የሆነ ቦይ ተቆፍሮ በጠፍጣፋ ድንጋይ ይከደናል፤ ስንጥቁም በጭቃ ይመረጋል። ጭሱ በዚህ ቦይ ሲያልፍ የእሳቱ ነበልባል ሥጋውን አይደርስበትም፤ ጥላሸቱም እመንገድ ይቀራል።

ሁለተኛ፥ በቦዩ ላይኛ አፍ ጐኑ 2 ክንድ፥ ቁመቱ 3 ክንድ የሆነ አራት ማዕዘን ግድግዳ ከድንጋይና ጭድ ከተደባለቀበት ጭቃ ይሠራል። በአንድ ወገን ሥጋ ማግቢያ በር ይተውለታል። ከላይኛው ጫፍ 1 ስንዝር ዝቅ ብሎ፥ የተላጡ በትሮች በ4 ጣት ርቀት ይጋደማሉ። ክዳኑ ከሳንቃ ሲሆን፥ ርጥበት የሚወጣበት የእጅ መዳፍ የሚያህል ቀዳዳ ሊኖረው ይገባል። ዝናብ እንዳይገባም በላዩ ዳስ ይጣልበታል። በጭቃው ፈንታ የብረት በርሜል የሚያቆም ሰው፥ በርሜሉ የምግብ ዘይት የነበረበት መሆኑን ያረጋግጥ፤ ነዳጅ ወይም የተባይ መድኃኒት የነበረበት በርሜል ቢታጠብም ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ለእሳቱ የሚሻለው የደረቀ የወይራ እንጨት ነው፤ የአገሩ ሰው በኦሮምኛ ኤጀርሳ ይለዋል፥ የወተት ዕቃም ያጥንበታል። ሆኖም ወይራ ለማደግ ብዙ ዘመን የሚፈጅ ዛፍ ስለ ሆነ፥ ከግንዱ ሳይቈረጥ የደረቀ ቅርንጫፉንና ፍላጩን መጠቀም ይበቃል። ሙጫ ያለባቸው እንደ ጥድ ያሉ እንጨቶች ሥጋውን ያመርሩታል። ቁልቋልና ቅንጭብ መርዝ ስላላቸው፥ ቀለም የተቀባ እንጨትም ስለሚጎዳ፥ ከቶ አይነደዱም።

ሥጋው ስቡ ተለይቶ የትንሽ ጣት ውፍረት ባለው መጠን ይዘለዘላል። ለ10 ኪሎ ሥጋ ሩብ ኪሎ ያህል ጨው ታሽቶበት ሌሊቱን በብርድ ሥፍራ ያድራል፤ በማግስቱ ውሃው ተንጠፍጥፎ፥ ዝልዝሉ እርስ በርሱ ሳይነካካ ይሰቀላል። እሳቱ ነበልባል ሳይኖረው ከማለዳ እስከ ማታ ይጤሳል፤ ጭሱም ጥቁር ሳይሆን ስስ መሆን አለበት። እንደ ዝልዝሉ ውፍረትና እንደ አየሩ 2 ወይም 3 ቀን፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ይፈጃል። መድረሱ የሚታወቀው ሲታጠፍ ሲሰነጠቅና ውስጡ ርጥበት ሲያጣ ነው። ሚዛን ላለው ሰው፥ 10 ኪሎው ወደ 3 ወይም 4 ኪሎ መውረዱ ጥሩ ምልክት ነው።

ሹማምንት ከሁሉ አብልጠው ሊጠነቀቁለት የሚገባ ነገር አለ። በሽታ የገደለው ወይም ሊሞት ሲል የታረደ ከብት ሥጋ በጭስ አይነጻም። የአባ ሰንጋ ዘር ጨውንም ድርቀትንም ይችላል፤ የሚያርደውን፥ የሚዘለዝለውንና የሚበላውን ሰው ይገድላል። ስለዚህ ሥጋው ከመዘልዘሉ በፊት የእንስሳት ሐኪም ይየው፤ በድንገት የሞተ ከብት ሳይከፈት በጥልቅ ይቀበር ወይም ይቃጠል። የኮሶ ትልም በጭስ መሞቱ የታመነ ስላይደለ፥ ቋንጣው በወጥ በደንብ ሳይበስል አይበላ።

በዚህ ነገር ሌሎችም አገሮች ደክመውበት ተጠቅመዋል። በጋና ቾርኮር በሚባል መንደር በ1960ዎቹ ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ፥ ዓሣ የሚያጥኑ ሴቶች ከዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ጋራ ሆነው ከጭቃ የሚሠራ ምድጃ አሻሻሉ፤ እንጨት የሚቈጥብ በመሆኑም ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ተዛመተ። የካቺሲም ሴቶች ሥራው ከማድ ቤት ወደ ውጭ ቢወጣላቸው፥ ዓይናቸውንና ሳንባቸውን ከሚጎዳው ጭስ ያርፋሉ።

ለሥራው የሚያስፈልገው ድንጋይ፥ ጭቃ፥ ጭድና የሁለት ሰው የጥቂት ቀን ጉልበት ነው። ገበሬ ደግሞ ከሰማው ያየውን ያምናል። እንግዲህ የወረዳው አስተዳዳሪ በገበያው አጠገብ አንድ ቤት አሠርቶ ቢያሳይ፥ ባለ ይዞታዎችም በየቀበሌያቸው ቢከተሉት፥ በሚመጣው ክረምት በሬው የወደቀበት ገበሬ ሥጋውን ለጅብ አይሰጥም።