«በገንዘብ ሲተመን»

በከተማ አስተዳደር ሪፖርት ውስጥ «በገንዘብ ሲተመን» የምትለውን ሐረግ ያህል ጆሮዬን የሚያቆም ነገር የለም። ወጣቱ ቦይ ጠረገ፣ ነዋሪው ድንጋይ አጋዘ፣ የአቅመ ደካሞች ቤት ታደሰ፣ በዓል ሲደርስ ማዕድ ተጋራ። ከዚያ ያቺ ሐረግ ትመጣና ሁሉም ሚሊዮን ብር ሆኖ ያርፋል። በማን ተመን እንደሆነ አይነገርም። የጉልበቱ ሒሳብ የተያዘው በቀን ሠራተኛ ዋጋ ነው ወይስ በግንበኛ? ቆርቆሮ የሰጠው ነጋዴ «የባለሀብቶች ድጋፍ» በሚለው ረድፍ ከተቆጠረ በኋላ «የክረምት በጎ ፈቃድ» በሚለው ረድፍ ተደግሞ ይሆን? የሚጠይቅ የለም። ይነበባል፣ ይጨበጨባል፣ ለሻይ ይወጣል።

ከዓመታት በፊት በምዕራብ ኢትዮጵያ በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ ስሟ ይቆየኝና፣ እንዲህ ባለ የግማሽ ዓመት መድረክ ላይ ተቀምጬ ነበር። ከንቲባው አንብበው ጨርሰው ድምፅ ማጉያው ወደ ነዋሪው ሲዞር ከኋላ ረድፍ አንዲት እናት ተነሡ። «ልጄ፣ ሚሊዮኑን ሰማን፤ እግዜር ይስጥልን። የኛ ሰፈር ቦኖ ግን ከተዘጋ ወሩ ነው» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። መድረክ ላይ የነበሩት ወረቀታቸውን ገለጥ ገለጥ አድርገው «እማማ፣ እሱ በሂደት ላይ ነው» ብለው መለሱ።

ከንቲባውን ለመክሰስ አይደለም ያነሣሁት። ምናልባት እውነታቸውን ነበር። የአንዲት ትንሽ ከተማ ሹም ሪፖርት ላይ ከሚያነባቸው ቁጥሮች ውስጥ በራሱ ፊርማ የሚንቀሳቀሰው ከሚታሰበው በታች ነው። ነዋሪው «የከተማው ገንዘብ» የሚለው ከአራትና አምስት ቦታ የሚመጣ፣ እያንዳንዱም የራሱ ባለቤትና የራሱ ጊዜ ያለው ነው። ይህን ሳይለዩ ሪፖርት ማዳመጥ የሌላ ሰው ደብተር እንደ ማንበብ ነው።

ቶንጎን እንውሰድ። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የማኦ-ኮሞ ልዩ ወረዳ መቀመጫ ናት። ከአሶሳ በባምባሲ አድርጎ ወደ ደቡብ የሚወርድ ሰው ያገኛታል፤ ወረዳው በምሥራቅና በደቡብ ከኦሮሚያ ይጎራበታል፣ በምዕራብ በኩል የሱዳን ድንበር ነው። «ልዩ» የሚለው ቃል ለብዙ ሰው የማዕረግ ስም ይመስለዋል። ለበጀት ሠራተኛ ትርጉሙ ደረቅ ነው፤ ወረዳው በዞን ሥር ሳይሆን በቀጥታ ለክልሉ ተጠሪ ነው ማለት ነው። ስለዚህ የቶንጎ ብር መንገዱ አጭር ነው፤ ከአዲስ አበባ አሶሳ፣ ከአሶሳ ቶንጎ። መንገዱ ስላጠረ ግን ብሩ በዛ ማለት አይደለም።

ፌዴራል መንግሥት ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ የሚከፋፈልበትን ቀመር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 62 መሠረት የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ከዚያ ድስት ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚወጣለት ለዓመታት 2 በመቶ ገደማ ሆኖ ቆይቷል። ክልሉ ደግሞ በራሱ ቀመር ለወረዳዎቹ ያከፋፍላል። ወረዳ ሲደርስ ቀድሞ የሚጠብቀው ደመወዝ ነው፤ መምህሩ፣ የጤና ባለሙያው፣ የግብርና ባለሙያው። የእነሱ ከተነሣ በኋላ የሚቀረው ሥራ ማስኬጃ ለነዳጅ፣ ለወረቀትና ለውሎ አበል ነው። ለካፒታል በጀት የሚተርፈው ፍርፋሪ ነው፤ ድልድይ የሚባለው ነገር ከዚያች ፍርፋሪ ነው የሚጠበቀው።

ቀመሩ ራሱ አንድ የማይወራለት ችግር አለበት። ድርሻን ከሚወስኑት ነገሮች ዋናው የሕዝብ ቁጥር ነው፤ የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ደግሞ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ አሶሳ ከተማ 24,214 ነዋሪ ተቆጠረባት። ዛሬ አሶሳ መናኸሪያ ቆሞ ይህን ቁጥር የሚቀበል ሰው አይገኝም። በ2011 ሊካሄድ ታስቦ የነበረው ቆጠራ ተላለፈ፤ የምንሠራው በትንበያ ነው። ትንበያ ተፈናቃይን አያውቅም፣ ስደተኛን ደግሞ ከነጭራሹ አይቆጥርም። እነዚህ ሁለቱ በብዛት የሚመላለሱበት ክልል ውስጥ ይህ ትንሽ ስህተት አይደለም።

«ግብሬን ከፍያለሁ፣ መንገዴ የታለ?» የሚል ነጋዴ በየስብሰባው ይነሣል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የተጠየቀው ሰው ግን ግብሩን አልተቀበለም። በአንቀጽ 97 መሠረት የግለሰብ ነጋዴ የገቢ ግብር የክልል ገቢ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ «የራሴ» የሚለው ሌላ ነው፤ የገበያ መደብ ኪራይ፣ የቄራ አገልግሎት፣ የቁም ከብት ገበያ ክፍያ፣ የግንባታ ፈቃድ፣ የይዞታ ካርታ፣ የቦታ ሊዝ ወይም ኪራይ። ነገሩን የሚያከብደው የሥራ ክፍፍሉ ነው። ትምህርት ቤቱና ጤና ጣቢያው በመንግሥት በጀት ይሸፈናሉ፤ የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ ቦይ፣ ቆሻሻ ማንሣትና የመንገድ መብራት ግን ከዚሁ ከማዘጋጃ ቤት ገቢ ነው የሚጠበቁት። ሕንፃ በየሳምንቱ በሚበቅልበት ከተማ ይህ ያስኬዳል። በገበያ ቀን ከበርበሬ ሻጭ የሚሰበሰብ ሳንቲም ግን ደረሰኙ የታተመበትን ወጪ ከሸፈነ ጥሩ ነው። በ2017 የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ለከተሞች አዲስ ምንጭ ይሆናል ተብሏል። ለአዲስ አበባ፣ ለአዳማ፣ ምናልባት ለአሶሳም አዎ። የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ያለውን ቤት ለመገመት ባለሙያ በሚላክበት ከተማ ግን የገማቹ አበል ከታክሱ እንዳይበልጥ እሰጋለሁ።

ወርቁስ? ይህን የሚጠይቀኝ አይጠፋም። የአሶሳ ዞን ከጥንት ጀምሮ በወርቁ ይታወቃል፤ ኩርሙክ፣ መንጌ፣ ሸርቆሌ። አገሪቱ በ2017 በጀት ዓመት ከወርቅ ወጪ ንግድ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግኝታለች፤ ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ በኮንትሮባንድ ይወጣ የነበረው ወደ ባንክ መምጣቱ ትልቁን ድርሻ ይይዛል። ዶላሩ ግን የብሔራዊ ባንክ ነው፤ የአነስተኛ ማዕድን ሮያሊቲ የክልሉ ነው። ለከተማዋ የሚተርፋት ወርቅ ሸጦ የመጣው ሰው የሚበላው ሥጋና የሚከፍለው የባጃጅ ሒሳብ ነው። ያም ቀላል አይደለም፤ ሪፖርት ላይ ግን አይገባም።

ሪፖርት ላይ ከማይገቡት ሁሉ የሚበልጠው ግን የስደተኛ ጣቢያው ገንዘብ ነው፤ ቶንጎን ከሌላ ትንሽ ከተማ የሚለያትም እሱ ነው። በ2003 መጨረሻ በሱዳን ብሉ ናይል ጦርነት ሲቀሰቀስ ሕዝቡ ድንበር አቋርጦ ገባ፣ በ2004 የቶንጎ መጠለያ ጣቢያ ተከፈተ። ከ10 ሺህ በላይ ሰው ያኖር ነበር፤ በዚያው ልዩ ወረዳ በኋላ ጉሬ ሾምቦላም ተጨመረ። እንዲህ ያለ ጣቢያ በአንዲት ትንሽ ከተማ አጠገብ ሲቆም ኢኮኖሚው ምን እንደሚሆን የቀለብ ቀን ገበያ ወጥቶ ማየት ይበቃል። ስደተኛው የሚሰጠው እህል ነው፤ እህል ብቻውን ግን ወጥ አይሆንም። ስለዚህ ከራሽኑ ቆርሶ ይሸጣል፤ በሽያጩ ሽንኩርት፣ ጨው፣ ሳሙና ይገዛል፣ የወፍጮ ይከፍላል። የእህል ዋጋ በዚያ ቀን ይወርዳል፤ ገዢዋ የከተማ እናት ትደሰታለች፣ በቆሎ ጭና የመጣችው የገጠር እናት ታዝናለች። ባለወፍጮው ሁለቱንም ያስተናግዳል። የድርጅት ሠራተኛ ቤት ይከራያል፣ ባለ አይሱዙው የጭነት ሥራ ያገኛል፣ ዘበኛና ምግብ አብሳይ ደመወዝተኛ ይሆናሉ። በሌላ በኩል ጫካው ለማገዶ ይመነጠራል፣ ኪራይ ይወደዳል።

ጣቢያው ውስጥ ያለ ክሊኒክና የውኃ ጉድጓድ ደግሞ የአካባቢውን ሰው አይመልስም፤ በስደተኛ ስም የሚመጣ ፕሮጀክት የተወሰነ ድርሻውን ለተቀባዩ ማኅበረሰብ እንዲያውል የሚጠይቅ አሠራርም አለ። የፋይናንስ ሰዎች ይህን ገንዘብ «ቻናል ሦስት» ይሉታል፤ ለጋሹ ወይም ድርጅቱ ራሱ የሚያወጣው፣ በመንግሥት ግምጃ ቤት የማያልፍ ማለት ነው። በወረዳውም ሆነ በማዘጋጃ ቤቱ ሒሳብ ገቢ ሆኖ አይመዘገብም። ሹሙ ሲያመሰግን «አጋር ድርጅቶች» ይላል፤ ስንት ብር እንደሆነ እሱም በቅጡ አያውቅም።

በ2014 ታኅሣሥና ጥር በአካባቢው ውጊያ ሆነ። ሁለቱም ጣቢያዎች ተዘረፉ፣ ተቃጠሉ፤ ከ20 ሺህ በላይ ስደተኛ በእግሩ ሸሽቶ በአሶሳ አቅራቢያ ወዳለው የፆሬ ጣቢያ ሄደ። ስለ ስደተኛው መከራ ተጽፏል፣ ይገባልም። ስለ ከተማዋ ሒሳብ ግን ማንም አልጻፈም። ገዢው በአንድ ወር ውስጥ ሄደ፣ ኪራዩ ሄደ፣ ክሊኒኩን የሚያንቀሳቅሰው በጀት ሄደ። ሲመጣ ገቢ ሆኖ ያልተጻፈ ገንዘብ ሲሄድም ጉድለት ሆኖ አይጻፍም። በወረቀት ላይ ስናየው ቶንጎ ከጣቢያው መቃጠል በፊትና በኋላ የነበራት በጀት አንድ ዓይነት ቅርጽ ያለው ነው፤ እኔ ትልቁ ስህተት የምለው ይህንን ነው።

ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላነሣሁት። በሚያዝያ 2015 የሱዳን ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ በኩርሙክ በኩል አዲስ ሕዝብ ገብቷል፤ ኡራ አዲስ ጣቢያ ሆኗል። ግን በ2018 መግቢያ ላይ የዓለም ምግብ ፕሮግራም በኢትዮጵያ ለ780,000 ስደተኞች የሚሰጠውን ቀለብ ከ60 ወደ 40 በመቶ አውርዶታል። በስደተኛ ጣቢያ አጠገብ ያለው የባምባሲና የሆሞሻ ነጋዴ ይህን ዜና እንደ እርዳታ ዜና ብቻ ከሰማው ተሳስቷል፤ የገበያ ዜናም ነው። ከራሽን ቆርሶ የሚሸጥ ሲጠፋ እህል ይወደዳል፣ ሽንኩርት የሚገዛው ይቀንሳል፣ ለቀን ሥራ የሚሰለፈው ይበዛና የቀን ሒሳብ ይወርዳል።

በሪፖርት መድረክ «ለድሃው ምን ተደረገ?» ለሚለው ጥያቄ የተለመደው መልስ ማዕድ ማጋራት ነው። ዘይትና ዱቄት ይሰጣል፣ ፎቶ ይነሣል። ማዕድ ማጋራትን አልነቅፍም፤ ባህላችን ነው። ግን የበዓል ነው። ድሃ ደግሞ ሐምሌም ይርበዋል። በወር በወሩ የሚከፈል ነገር የነበረው የሴፍቲኔት ፕሮግራሙ ነው፣ እሱም ቶንጎን በሁለት በኩል ስቷታል። የገጠሩ ሴፍቲኔት በ1997 ሲጀመር ቤኒሻንጉል ጉሙዝን አላካተተም፤ ክልሉ እህል ያለው ነው ተብሎ። የከተማው ሲጀመር ደግሞ 11 ከተሞችን ያዘ፣ ከክልሉ የገባችው አሶሳ ነበረች። በአሶሳ ጉልበት ያለው መንገድ እየጠረገና ችግኝ እየተከለ ክፍያ አገኘ፣ ጉልበት የሌለው ቀጥታ ድጋፍ ተሰጠው። በኋላ ፕሮግራሙ ወደ 83 ከተሞች ሰፍቷል። ለመነሻው ጊዜ ግን እውነቱ ይህ ነው፤ የአሶሳ አቅመ ደካማ የባንክ ደብተር ነበረው፣ የቶንጎ አቅመ ደካማ ጎረቤት።

በእርግጥ ከሹሙ እጅ ያለ አንድ ነገር አለ፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን። መክፈል የማይችሉትን፣ በቀበሌ ቋንቋ «የድሃ ድሃ» የሚባሉትን፣ መዋጮ የሚከፍሉላቸው ክልሉና ወረዳው ናቸው። ስንት አባወራ ተለየ፣ ለስንቱ ተከፈለ፣ መቼ ተከፈለ? ይህ ቁጥር በግማሽ ገጽ ያልቃል፤ በየትኛውም «በገንዘብ ሲተመን» አልለውጠውም።

እንዲህ ያለውን ቁጥር ለነዋሪው ለማሳየት አዲስ ሥርዓት መፍጠርም አያስፈልግም። በ1998 የተጀመረው የመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም የፋይናንስ ግልጽነትና ተጠያቂነት የሚባል ክፍል ነበረው፤ የወረዳው በጀት በቀላል ሠንጠረዥ ተዘጋጅቶ ሰው በሚያየው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ ነበር። በዩጋንዳ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1995 ድረስ መንግሥት ለትምህርት ቤቶች ከሚልከው የተማሪ ድጎማ የሚደርሰው 13 በመቶው ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ መንግሥት የሚላከውን ገንዘብ በጋዜጣና በትምህርት ቤት በር ላይ ማሳወቅ ከጀመረ በኋላ ከ80 በመቶ በላይ ደረሰ። ለውጡን ሁሉ ለጋዜጣ መስጠት ማጋነን ነው የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፣ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ፤ በዚያው ጊዜ ሌላም ብዙ ነገር ተቀይሯል። ግን ያ ሰሌዳ ባይኖር ወላጁ ምን ብሎ ይጠይቅ ነበር? በቶንጎ ማዘጋጃ ቤት በር ላይ ቢለጠፍ የምመኘው አንድ ገጽ ነው፤ ከክልል የመጣ፣ ከገበያና ከቦታ የተሰበሰበ፣ በድርጅቶች በኩል የወጣ፣ ነዋሪው ያዋጣው። የነዋሪው ጉልበት በቀን ይቆጠር፤ ብር አይሁን።

ወደዚያ አዳራሽ ልመለስ። ከሻይ በኋላ የሪፖርቱን ቅጂ አግኝቼ ገለጥኩት። የእማማ ቦኖ ገጽ 14 ላይ አለ፤ «የፓምፕ ጥገና፣ 1፣ በሂደት ላይ»። የዋጋው ሳጥን ባዶ ነው። ዕቃው ስንት ነው፣ ማን ይከፍላል፣ ማዘጋጃ ቤቱ ነው የውኃ ጽሕፈት ቤቱ ወይስ ቦኖውን የተከለው ድርጅት? ከንቲባው ከእኔ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ብርጭቆ ይዘው ቆመው ነበር። ስለ ወርቅ ጠየቅኳቸው።