ዘበኛው በከዘራቸው የሳሉት ካርታ

ቦታውን ሊገዛ ያሰበው ሰው የደወለልኝ የፋሲካ ማግስት ነው። «ኢንጂነር፣ ሁለት ሦስት ጉድጓድ ቆፈር ቆፈር አድርግና መሬቱ ንጹሕ ነው የሚል ወረቀት ስጠኝ። ባንኩ ጠይቆኛል» አለኝ። ከሃያ ዓመት በላይ በከርሰ ምድር ውሃ ሥራ ላይ ስለቆየሁ ይህን አነጋገር ለምጄዋለሁ። መልሱ ተጽፎ ያለቀ ጥያቄ ነው፤ የጎደለው ማኅተም ብቻ።

«ምን ልትሠራበት ነው?» አልኩት።

«አፓርታማ። ከሥሩ ሁለት ፎቅ መኪና ማቆሚያ፤ ግቢው ውስጥ ደግሞ የራሳችን የጉድጓድ ውሃ።»

ይቺ መልስ ሥራውን ሁሉ ለወጠችው። ያው መሬት የሲሚንቶ መጋዘን የሚሆን ቢሆን ኖሮ አፈሩን የሚነካው፣ ውሃውን የሚጠጣው የለም። አሁን ግን ስድስት ሰባት ሜትር አፈር ተዝቆ በገልባጭ መኪና የሆነ ቦታ ሊደፋ ነው። ላዩ ላይ ልጆች ሊጫወቱ ነው። ጉድጓዱም ቀን ከሌት በፓምፕ ሲሳብ በዙሪያው ያለውን ውሃ፣ የተበከለም ካለ የተበከለውን፣ ወደ ራሱ ሊጎትት ነው። የማንኛውም የብክለት ጥናት ዕቅድ የመጀመሪያ ገጽ እዚህ ላይ ይጀምራል፦ በውጤቱ ማን፣ ምን ሊወስን ነው? ይህ ካልታወቀ ስንት ጉድጓድ፣ ምን ያህል ጥልቀት፣ የቱ ኬሚካል ብሎ መነጋገር ገንዘብ ማባከን ነው።

ቦታው አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ፣ ትንሹ አቃቂ ወንዝ ዳር ያለ፣ ማሽኖቹ ተነቅለው ከተሸጡ ዓመታት ያለፉት ቆዳ ፋብሪካ ነው። ሁለት ሄክታር ይሆናል። ግንቦት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሄድ የያዝኩት ደብተር፣ እርሳስና የፋብሪካውን አሮጌ ፕላን ብቻ ነበር። ብቻዬን ነው የሄድኩት። ከአለቃ ጋር ሲሄዱ ዘበኛ ምንም አያውቅም።

በሩ ላይ ያገኘኋቸው ሽማግሌ ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ እዚያው ግቢ የኖሩ ናቸው፤ መጀመሪያ ድራም ክፍል፣ ወገባቸው ሲደክም ጥበቃ። ፕላኑን ዘርግቼ አሳየኋቸው። የጥሬ ቆዳ መጋዘን፣ የኖራ ገንዳ፣ ቦይለር ቤት፣ የፍሳሽ ማጣሪያ፣ ሁሉም በየቦታው በጥሩ እጅ ጽሕፈት ተሰይሟል። ትንሽ አዩትና «ይሄ እኮ አለቆች የሚያውቁት ነው፣ ልጄ» ብለው በከዘራቸው አቧራው ላይ ይስሉ ጀመር።

«ማጣሪያው ሲበላሽ ፍሳሹ በዚህ ነበር የሚሄድ። ቦዩ እዚህ ጋ ይታጠፋል። እዚህ ደግሞ ጉድጓድ ነበር፣ ጭቃውን እየዛቅን የምንደፋበት። ኋላ አፈር አለበሱትና ባሕር ዛፍ ተከሉበት።»

ቀና ብዬ ባሕር ዛፎቹን አየኋቸው። በአጥሩ በኩል ካሉት አጠር ያሉ፣ ጫፋቸው የደረቀ ናቸው። ፕላኑ ላይ በዚያ ቦታ የተጻፈው «አረንጓዴ ስፍራ» ነው።

«ናፍታውስ፣ ጋሼ? ቦይለሩ የሚጠጣው?»

«ከጀርባው፣ መሬት ውስጥ ታንከር አለ። አሁንም ይኖራል። ማን አወጣውና!»

ቆዳ እንዴት እንደሚለፋ የማያውቅ አጥኚ ምን እንደሚፈልግ አያውቅም። ጥሬው ቆዳና ሌጦ እንዳይበሰብስ ጨው ተነስንሶበት ይመጣል፤ ታጥቦ ጨው ይወጣለታል። ጸጉሩ በኖራና በሰልፋይድ ይመለጣል፤ ያ የገማ እንቁላል ሽታ የሰልፋይዱ ነው። ከዚያ አሲድ ይቀምሳል፤ ቀጥሎ ድራም ውስጥ ከክሮም ጨው ጋር ይሽከረከራል። ሲወጣ ሰማያዊ ነው፣ ዌት ብሉ የሚሉት። ቆዳው ክሮሙን በሙሉ አይጠጣውም፤ የተረፈው ከውሃው ጋር ይወጣል። ያ ነው በዚያ ቦይ የሄደው፣ ያ ነው ባሕር ዛፍ የተተከለበት።

ይህ ክሮም ኬሚስቶች ክሮም ሦስት የሚሉት ነው፤ በአብዛኛው አፈር ላይ ሙጭጭ ብሎ ይቀራል። የሚያስፈራው ወንድሙ ክሮም ስድስት ነው። በውሃ ይሟሟል፣ ከውሃ ጋር ይጓዛል፣ መርዛማነቱም በእጅጉ የባሰ ነው። አፈር ውስጥ ያለ የማንጋኒዝ ኦክሳይድ ደግሞ ሦስቱን ወደ ስድስት ሊለውጠው ይችላል። «ኤሪን ብሮኮቪች» የተባለውን ፊልም ያየ ሰው ታሪኩን ያውቀዋል። ሂንክሊ በምትባል የካሊፎርኒያ መንደር ፓሲፊክ ጋዝ ኤንድ ኤሌክትሪክ የተባለው ኩባንያ፣ እ.ኤ.አ. ከ1952 እስከ 1966 የማቀዝቀዣ ማማዎቹ እንዳይዝጉ ክሮም ስድስት የሚጨምርበትን ውሃ ምንም ባልተነጠፈበት ኩሬ ሲለቅ ኖረ። በ1996 ለነዋሪዎቹ 333 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ሰው ፊልሙን የሚያየው ለጁሊያ ሮበርትስ ነው፤ የእኔ ዓይን ኩሬዎቹ ላይ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የጠቅላላ ክሮም ልክ በሊትር 0.05 ሚሊግራም ነው። ለአፈር ግን አንድ ቁጥር ይዞ መሄድ አያዋጣም፤ የአዲስ አበባ ዙሪያ አፈር ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ በመሆኑ ፋብሪካ ሳይታሰብም ክሮም አለበት። ስለዚህ ፍሳሽ ነክቶት ከማያውቅ፣ ከግቢው በላይ ካለ መሬት ናሙና መውሰድ የዕቅዱ አንድ ክፍል ነው። በስምጥ ሸለቆ ፍሎራይድ አግኝቶ የአካባቢውን ፋብሪካ እንደሚከስ ሰው መሆን አልፈልግም፤ እዚያ ፍሎራይዱ የመሬቱ የራሱ ነው።

ከሁሉ ርካሹ መልእክተኛ ጨው ነው። ክሮም አፈር ሲይዘው ጨው የሚይዘው የለም፤ ቀድሞ ይሮጣል። ኪስ ውስጥ የምትገባ የጨዋማነት መለኪያ ይዤ ሁለት ቀን በሰፈሩ ዞርኩ፤ የእጅ ጉድጓድ ያላቸውን እናቶች «እስቲ አንዲት ጣሳ ቅዱልኝ» እያልኩ። ከፋብሪካው በላይ ካለው ጉድጓድ ይልቅ በታች በኩል ያሉት ሁለቱ ሦስት እጥፍ ያህል አነበቡ። አንዷ እናት «ለልብስ እንጂ ለቡና አይሆንም፣ ሳሙናም አይዝ» አሉኝ። ይህ ማስረጃ አይባልም፤ ጨው ከሽንት ቤትም ይመጣል። ግን የመቆፈሪያ ማሽኑ ወዴት ፊቱን ማዞር እንዳለበት ነገረኝ።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልናገር። ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት አንድ የነዳጅ ማከማቻ ግቢ ተሰጠኝ። በኤሌክትሪክ ሽቦ ምክንያት ማሽኑ ወደ ውስጥ መግባት አልቻለም። ሦስቱንም ጉድጓዶች መግቢያው አጠገብ፣ በአጥሩ መስመር ደረደርኳቸው። ውጤቱ ንጹሕ ሆነ፤ ፈረምኩ። ሁለት ክረምት አልፎ ከግቢው ጀርባ ያለ የአንድ ቤተሰብ ጉድጓድ ናፍታ ናፍታ ይሸት ጀመር። ውሃው የሚሄደው ከበሩ በተቃራኒ ነበር። እኔ ያጠናሁት ገና ነዳጁ ጋ ያልደረሰውን ውሃ ነው።

የከርሰ ምድር ውሃ ወዴት እንደሚፈስ ለማወቅ ቢያንስ ሦስት ጉድጓድ ያስፈልጋል፤ የየአንዳንዱ አፍ ከፍታ በቀያሽ ተለክቶ፣ ውሃው ከአፉ ስንት ሜትር ዝቅ እንዳለ በአንድ ቀን ይነበባል። ከሦስቱ ቁጥሮች የውሃው ገጽ ወዴት እንዳዘነበለ ይወጣል። ሦስቱ ግን እንደ ጉልቻ መሆን አለባቸው። ሦስት ጉልቻ በአንድ መስመር ደርድሮ ድስት የሚጥድ ሰው የለም፤ እኔ ግን ያን ቀን ጥጄአለሁ። የዛሬ ተማሪዎቼን ከምንም በፊት ይህን ነው የምነግራቸው፤ አንዳንዶቹ ይስቃሉ።

ያ ሥራ ሌላም ነገር አስተምሮኛል። ናፍታ ወጥ ላይ እንዳለ ዘይት ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ጉድጓዱ ውስጥ የምንከተው ቱቦ ውሃ የሚያስገባው ቀዳዳው ክፍል ከውሃው ገጽ በታች ከሰመጠ ነዳጁ ከላይ ተኝቶ እያለ ከሥሩ ንጹሕ ውሃ እንቀዳለን። ጋራዦች ቅባት ለማጠብ የሚጠቀሙባቸው አንዳንድ ክሎሪን ያለባቸው ፈሳሾች ደግሞ እንደ ጠላ አተላ ወደ ታች ይዘቅጣሉ፤ እነሱን ላይ ላዩን መፈለግ ከንቱ ነው። የምንፈልገው ነገር ጠባይ የጉድጓዱን አሠራር ይወስነዋል።

ወደ አቃቂ ልመለስ። አፈሩ መረሬ ነው። ገዢው ይህን ሲሰማ ደስ አለው፤ «ጥቁር ጭቃ ውሃ አያሳልፍም አይደል?» አለኝ። ክረምት ላይ እውነቱን ነው። በግንቦት ግን ሽማግሌው ከዘራቸውን አንድ ስንጥቅ ውስጥ ቢሰዱት እስከ እጀታው ጠፋ። የመጀመሪያው ዝናብ ስንጥቁ ሳይገጥም ሲወርድ፣ ላይ ያለውን ሁሉ ይዞ በዚያ በኩል ቁልቁል ይሄዳል። ከመረሬው በታች የተሰነጣጠቀ ጥቁር ድንጋይ አለ፤ ወደ ደቡብ ሲወርዱ ደግሞ አዲስ አበባ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች በተጨማሪ የምትጠጣባቸው የአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች አሉ። ስለዚህ የውሃውን ከፍታ በግንቦትም፣ ክረምቱ ሲወጣ በጥቅምትም እንድንለካ አቀድኩ። ከሁሉ በላይ የተጨነቅሁት ግን ራሳችን የምንቆፍረው ጉድጓድ ነው። በተበከለ አፈር ገብቶ፣ ሸክላውን በስቶ፣ ታች ያለው ንጹሕ ውሃ የሚደርስ ጉድጓድ በደንብ ካልታሸገ ለመርዙ ደረጃ ሠርተንለት ሄድን ማለት ነው። ቱቦው ዙሪያ ውሃ ሲነካው የሚያብጥ ቤንቶናይት የሚባል ሸክላ ይሞላል፤ ይህን ለመቆጠብ የሚከራከር ቆፋሪ አልቀጥርም።

የነጥቦቹ ቁጥር ላይ ከገዢው ጋር ሁለት ጊዜ ተጨቃጨቅን። መሬቱን በ10 ሜትር ልዩነት እንደ መረብ ብንከፋፍለው፣ ወርዱ ወደ 12 ሜትር የሚጠጋ ክብ የተበከለ ቦታ በ95 በመቶ ዕድል አያመልጠንም። ሁለት ሄክታር ላይ ግን ይህ 200 ነጥብ ነው፤ የላቦራቶሪው ሒሳብ ብቻ ያሳብዳል። ስለዚህ 20 ነጥብ ምክንያት ባለበት ቦታ ጣልኩ፦ ቦዩ የሚታጠፍበት፣ የኖራው ገንዳ፣ ታንከሩ፣ ባሕር ዛፎቹ። በቀረው መሬት ላይ በ35 ሜትር ልዩነት 16 ነጥብ፤ ማንም ያልነገረን ነገር ካለ እንዲይዝልን። ገዢው «ቀንስ» አለ። ከሃያዎቹ አንድም አልነካሁም፤ 16ቱን 8 አደረግኳቸውና በዕቅዱ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ባልተጠቆመው መሬት ላይ ወርዱ ከ60 ሜትር ያነሰ ብክለት ቢኖር ሊያመልጠን ይችላል። ይህን ሲያነብ ፊቱ ጠቆረ። «ባንኩ ይህን ባያየው አይሻልም?» አለ። አይሻልም። በአዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ይገደዳል፤ ያን አፈር ነገ ዝቆ ሌላ ሰፈር የሚደፋው እሱ ራሱ እንደሚሆን ጠበቃው በደንብ አስረዳው።

ከዚያ የቀረው የጠርሙስ ሥራ ነው፤ አሰልቺ ይመስላል፣ ግን ብዙ ጥናት የሚሞተው እዚህ ነው። ለብረታ ብረት የሚሄደው ውሃ እዚያው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተጣርቶ ናይትሪክ አሲድ ይጨመርበታል። ለክሮም ስድስት የሚሄደው ግን አሲድ ከነካው ወደ ሦስት ሊመለስና ሊጠፋ ይችላል፤ ያለ አሲድ፣ በ4 ዲግሪ ቀዝቅዞ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ መለካት አለበት። ስለዚህ ዓርብ ከሰዓት የክሮም ስድስት ናሙና አልወስድም፤ ቅዳሜ ላቦራቶሪው ዝግ ነው። ከአሥር ናሙና አንዱን ደግሞ ለሁለት ከፍዬ በሁለት ስም እልካለሁ። ላቦራቶሪው ለአንድ ውሃ ሁለት የተራራቀ መልስ ከሰጠኝ፣ ስለ ውሃው ከመነጋገራችን በፊት ስለ እሱ እንነጋገራለን።

ማሽኑ የገባው ኅዳር አጋማሽ ላይ ነው። ሹፌሩ ጥላ ፍለጋ ይመስለኛል ቀጥታ ወደ ባሕር ዛፎቹ ሲነዳ፣ ሽማግሌው ከዘራቸውን ዘርግተው አስቆሙት። ከጎማው ሁለት እርምጃ ርቆ ሣሩ ውስጥ፣ በነጭ ኖራ የተቀባች ድንጋይ ተቀምጣለች፤ ግንቦት ላይ አቧራው ላይ የሳሉት ጉድጓድ መሐል መሆኑ ነው።

«እንዳትጠፋብህ ብዬ ነው» አሉኝ። «ክረምቱን ሁለት ጊዜ ነው የቀባኋት፤ ዝናቡ እያጠባት።»