ተመላልሶ የሚወጣው ብጉንጅ

አንባቢ ሆይ! አንድ ወጣት ጸሐፊ ከመደርደሪያ ላይ መዝገብ ለማውረድ እጁን ሲያነሣ ፊቱ ሲጨማደድ፥ ወይም አንዲት ተማሪ መልሱን እያወቀች እጇን ከማውጣት ስትቆጠብ አይተው ይሆናል። ሰነፎች ናቸው ብለው አይፍረዱ። ምናልባት በብብታቸው ሥር ለማንም ያልነገሩት ሕመም ይኖር ይሆናል።

ብጉንጅ ማንንም ሰው ይይዛል፤ አንድ ጊዜ ወጥቶ፥ መግሉ ፈስሶ ከዳነ ብዙ አያሳስብም። ዳሩ ግን በብብት፥ በብሽሽት፥ በመቀመጫ ወይም ከጡት ሥር እየተመላለሰ የሚወጣ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ሐኪሞች ይህን ሕመም ሃይድራዴናይቲስ ሰፑራቲቫ ይሉታል፤ የላብ ዕጢ መቆጣትና መምገል ማለት ነው። ስሙ የመጣው ቬርኔይ የተባለው ፈረንሳዊ ቀዶ ሐኪም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1854 ሕመሙ ከላብ ዕጢ ይነሣል ብሎ ስለ ጻፈ ነው። ኋላ ግን መነሻው ጠጉር የሚበቅልበት ቀዳዳ መሆኑ ታወቀ። ቀዳዳው ይደፈናል፥ ያብጣል፥ ከቆዳ ሥር ይፈነዳል፤ የሰውነት መከላከያም ጠላት የመጣ መስሎት ከመጠን በላይ ይቆጣል። ሲቆይም ከቆዳ ሥር እንደ ዋሻ ያለ መተላለፊያ ይፈጠራል።

እንግዲህ ይህን ልብ ይበሉ፤ ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፥ ካለመታጠብም አይመጣም። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከጉርምስና በኋላ ሲሆን፥ በዘር የሚወርድበት ጊዜም አለ። ሲጋራ ማጨስና ከመጠን ያለፈ ውፍረት ከሕመሙ ጋር አብረው ይገኛሉ።

ሕመሙን ለይቶ የሚያሳይ የደም ምርመራ የለም። ሐኪሙ የሚመለከተው ሦስት ነገር ነው፤ የእባጩን ዓይነት፥ የወጣበትን ቦታ፥ መመላለሱን። በ6 ወር ውስጥ ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ ከወጣ ያጠራጥራል። አሜሪካዊው የቆዳ ሐኪም ሃርሌይ በ1989 ሕመሙን በሦስት ደረጃ ከፍሎታል፤ አንደኛው እባጭ ብቻ፥ ሁለተኛው ተራርቀው የሚገኙ እባጮች ከጠባሳና ከመተላለፊያ ጋር፥ ሦስተኛው ቦታውን በሙሉ ያዳረሰ ነው። በአገራችን የብብት እባጭ የንፍፊት ቲቢ ሊሆንም ስለሚችል፥ ሐኪሙ ያንንም መመርመሩ አይቀርም።

ሕክምናውስ? ብጉንጁን መብጣት ሥቃዩን ለጥቂት ቀን ያስታግሣል እንጂ እንዳይመለስ አያደርግም። ሕመሙ ገና ሲጀምር የሚቀባ ክሊንዳማይሲን ወይም የሚዋጥ ዶክሲሳይክሊን ለተወሰኑ ሳምንታት ይሰጣል። ይህ ካልበቃ ክሊንዳማይሲን ከሪፋምፒሲን ጋር ይታዘዛል፤ ሪፋምፒሲን የቲቢ መድኃኒትም ስለ ሆነ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ገዝተው እንዳይውጡ። ለጠናበት ሰው አዳሊሙማብ የተባለው መርፌ ከ2015 ጀምሮ በአሜሪካና በአውሮፓ ለዚህ ሕመም ተፈቅዷል፤ ዋጋው ግን ውድ ነው፥ ከመወጋትም በፊት የቲቢ ምርመራ ያስፈልጋል። መተላለፊያው ሥር ከሰደደ ደግሞ ቀዶ ሐኪሙ ጣራውን ገልጦ ከታች ወደ ላይ እንዲድን ያደርጋል፥ ወይም የታመመውን ቆዳ በሙሉ ቆርጦ ያወጣል።

በቤትዎ ሳሉ እባጩን አይጭመቁ፥ ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስ ይልበሱ፥ የሚያጨሱ ከሆነ ይተዉ። ትኩሳት ካለዎ ወይም መቅላቱ ፈጥኖ ከተስፋፋ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ቤት ይሂዱ።

ሕመሙን ሥሩን ነቅሎ የሚያጠፋ መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም፤ ይሁን እንጂ በጊዜ የተያዘ ይታገሣል፥ የቆየ ግን ጠባሳው አይለቅም። ብዙ ሰው የሕመሙን ስም ሳያውቅ ዓመታት የሚያልፉት ቦታውን ለማሳየት ስለሚያፍር ነው። ስለዚህ ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ዛሬ የወጣውን ብቻ አያሳዩ፤ «ይህ ስንተኛው ነው፥ የት የት ወጣ፥ መቼ ጀመረኝ» የሚለውን አብረው ይንገሩ። አባቶች እንዳሉት፥ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።