የዱላ ጥላና የእኩልዮሽ ምልክት

የኮኒክ ሴክሽን ትምህርት ብዙውን ጊዜ በቀመር ሽምደዳ ተጀምሮ በዚያው ያልቃል፦ ክብ ይህን ይመስላል፣ ኤሊፕስ ያንን፣ ሃይፐርቦላ የመቀነስ ምልክት አለው፣ ፓራቦላ አንድ ካሬ ይጎድለዋል። ፈተና ላይ ግን እኩልዮሹ እንደ ቀመሩ ተደርድሮ አይመጣም፤ ሲበታተን ደግሞ የሸመደደው ሰው አያውቀውም። ይህን ሁሉ ሽምደዳ አንድ ጥያቄ ይተካዋል ብዬ እከራከራለሁ፦ ኩርባው ርቆ መሄድ ይችላል ወይ? ከቻለስ ወዴት ወዴት?

ከሐረር በስተደቡብ ካለው ሐኪም ጋራ ላይ ሆኖ ቁልቁል ለሚያይ ሰው የጀጎል ግንብ ዙሪያ ይታየዋል፤ የየቤቱን በር ግን አይለይም። እኩልዮሽም ከሩቅ ሲያዩት እንዲሁ ነው። ቁጥሩ 1,000 ሲደርስ ካሬው 1,000,000 ይሆናል፤ ካሬ የሌለው እዚያው 1,000 ላይ ይቀራል። ስለዚህ በሩቁ ቦታ ወሳኞቹ ባለካሬዎቹ ናቸው። የሁለቱ ካሬዎች ምልክት አንድ ከሆነ አንዱ ሌላውን ሊያጣፋ አይችልም፤ ድምሩ እየገዘፈ ስለሚሄድ ኩርባው መውጫ አጥቶ ይዘጋል። ይህ ኤሊፕስ ነው፤ ከካሬዎቹ ፊት ያሉት ቁጥሮች እኩል ሲሆኑም ክብ። ምልክታቸው ከተለያየ ይጣፋሉ፤ ኩርባው በአራት ጫፍ ያመልጣል፤ ሃይፐርቦላ ነው። አንደኛው ካሬ ጨርሶ ከሌለ ደግሞ ኩርባው ወደ አንድ ወገን ብቻ ይከፈታል፤ ፓራቦላ ነው።

ይህ የወረቀት ጨዋታ አለመሆኑን ለማየት በጋራው ላይ ደልዳላ ቦታ መርጦ የ1 ሜትር ዱላ ቀጥ አድርጎ መትከል ይበቃል። በአንድ ቀን ውስጥ በዱላው ጫፍ የሚያልፉት የፀሐይ ጨረሮች ሾጣጣ ይሠራሉ፤ መሬቱ ሾጣጣውን ይቆርጠዋል፤ የጥላው ጫፍ የሚሄድበት መስመር ያ ቁርጥ ነው። ወደ ምሥራቅ ያለውን ርቀት ም፣ ወደ ሰሜን ያለውን ሰ እንበል፤ መለኪያችን ሜትር ነው። ሐረር ከምድር ወገብ 9.3 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ስለሆነች፣ ፀሐይ ወደ ሰሜን አብዝታ በምታጋድልበት ሰኔ 14 ገደማ እኩልዮሹ በግምት ይህ ነው፦

0.82ሰ² − 0.16ም² − 0.32ሰ − 0.13 = 0

ምልክቶቹ ተለያይተዋል፤ ስለዚህ ሃይፐርቦላ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፦ ፀሐይ ስትወጣና ስትጠልቅ ጥላ መጨረሻ የለውም፤ ኩርባው ማምለጥ ግድ ይሆንበታል። የሃይፐርቦላው ሁለተኛ ክንፍስ የት አለ? ም ዜሮ ሲሆን ሰ ወይ −0.25 ወይ 0.64 ይሆናል። የመጀመሪያው የሰኔ ቀትር ጥላ ነው፣ 25 ሳንቲ ሜትር ወደ ደቡብ፤ ሁለተኛው የታኅሣሥ 12 ገደማ የቀትር ጥላ ነው፣ 64 ሳንቲ ሜትር ወደ ሰሜን። አንዱ እኩልዮሽ ሁለቱንም ወቅት ይዟል። በእስልምናው የሻፊዒ መዝሃብ የዓስር ሶላት ወቅት ሲለካ ጥላው ከቀትሩ ጥላ በላይ የዱላውን ቁመት ያህል መጨመሩ የሚታየውም የቀትሩ ጥላ እንዲህ ከወቅት ወቅት ስለሚለያይ ነው። ዱላውን ይዘን ወደ ሰሜን ብንጓዝ ከሰ² ፊት ያለው ቁጥር እያነሰ ይሄዳል። በዚያው የሰኔ ቀን፣ ፀሐይ አድማስን ነክታ በምትመለስበት በአርክቲክ ክበብ ላይ ዜሮ ይሆናል፤ ፓራቦላ። ከዚያ አልፎ ፀሐይ በማትጠልቅበት ምድር እሱም ኔጌቲቭ ይሆንና ጥላው ዱላውን ዞሮ ይገጥማል፤ ኤሊፕስ።

ምልክት ብቻ ማየት ያሳስታል የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ ተገቢ ነው። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት መጋቢት 12 ገደማ ከም² ፊት ያለው ቁጥር ዜሮ ይሆናል፤ ችኩል ሰው ፓራቦላ ነው ይላል። ነገር ግን ም ከእኩልዮሹ ጨርሶ ጠፍቷል፤ ካሬውን ስናሟላ (ሰ − 0.16)² = 0 ይወጣል፣ ከዱላው 16 ሳንቲ ሜትር ወደ ሰሜን ርቆ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚዘልቅ ቀጥ ያለ መስመር። ም² + ሰ² + 1 = 0 ደግሞ ምልክቱ ክብ ቢመስልም አንድም ነጥብ የለውም። ምልክት ቤተሰቡን ይነግረናል እንጂ ልጁ መወለዱን አያረጋግጥም፤ ያንን የሚያረጋግጠው ካሬ ማሟላት ነው። ሌላው ተቃውሞ የመለኪያ መስመሮቻችንን ከሰሜን አዙረን ብናስቀምጥ ም እና ሰ የተባዙበት ክፍል ይጨመራል የሚል ነው። ያኔ ከም² ፊት ያለውን ሀ፣ ከብዜቱ ፊት ያለውን ለ፣ ከሰ² ፊት ያለውን ሐ ብለን ለ² − 4ሀሐን እናሰላለን፤ ፖዘቲቭ ከሆነ ሃይፐርቦላ፣ ዜሮ ከሆነ ፓራቦላ፣ ኔጌቲቭ ከሆነ ኤሊፕስ። የእኛው 0.52 ያህል ነው፤ መስመሮቹ ቢዞሩም አይለወጥም።

ስልክ ይስለው የለም ወይ ለሚልም መልስ አለ። ስልክ የሚያሳየው መስኮት ነው። የሰኔውን ጥላ ከጧቱ 5 ሰዓት እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ብቻ ብንስለው ፓራቦላ ነው ብንባል ዓይናችን አይቃወምም። ልዩነቱ ያለው ከመስኮቱ ውጭ፣ ጥላው ማለቂያ በሚያጣበት ማለዳና አመሻሽ ላይ ነው። ያን ሩቅ ቦታ ሄደን ሳናይ የሚነግረን ከካሬዎቹ ፊት ያለው ምልክት ነው። ስለዚህ ስሙን ከማስታወስ በፊት ፀሐይዋ ትጠልቅ እንደሆነ መጠየቅ ይቀድማል።