ከቅርንጫፍ ስለሚበቅሉ የጓሮ ፍሬ ዛፎች

ከገዳሪፍ እስከ ጋላባትና እስከ መተማ ድረስ ያለው ሜዳ የማሽላና የሰሊጥ አገር መሆኑ የታወቀ ነው። በትራክተር የሚታረሰው እርሻ በገዳሪፍ በኩል ከ1937 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እየሰፋ ሲሄድ ዛፉ ተመንጥሯል፤ ስለዚህ ጥላና ፍሬ የሚሻ ሰው አስቀድሞ የራሱን ጓሮ መመልከት ይገባዋል።

ችግኝ መግዣ ለሌለው ሰው ከጎረቤት ሮማን፣ በለስ ወይም ወይን የተቆረጠ ቅርንጫፍ ይበቃዋል። (በለስ ስንል የቁልቋሉን ፍሬ ማለታችን አይደለም።) ከዘር የበቀለ ዛፍ እናቱን ላይመስል ይችላል፤ ከቅርንጫፍ የበቀለው ግን የእናቱን ፍሬ ይሰጣል። ትርንጎና ሎሚም እንዲሁ ይበቅላሉ። ማንጎን በዚህ መንገድ ለማብቀል መድከም ግን ከንቱ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በአፈሩ ነው። ጥቁሩ ዋልካ ለማሽላ የተባረከ ሲሆን ሥር ለሌለው ቁራጭ ግን ጠላት ነው። በክረምት ውሃ ይዞ አየር ስለሚከለክል ቁራጩ ይበሰብሳል፤ በበጋም ተሰነጣጥቆ ለጋውን ሥር ይበጥሳል። ይህን የምጽፈው እኔ ራሴ በወጣትነቴ ሃያ የሮማን ቁራጭ በሐምሌ ወር በቀጥታ በዋልካ ላይ ተክዬ ነበር። ቅጠል ባወጡ ጊዜ «ሁሉም ጸድቀዋል» ብዬ ለአለቃዬ ሪፖርት ጻፍሁ፤ በመስከረም ስነቅላቸው ሥር ያለው አንድም አልነበረም። ቁራጩ በግንዱ ባለው ስንቅ ብቻ ቅጠል ሊያወጣ እንደሚችል ያን ጊዜ አላወቅሁም።

እንግዲህ በታኅሣሥ ወይም በጥር፣ ብርዱ ሳይወጣ፣ እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያለውን ቅርንጫፍ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር አድርጎ መቁረጥ ነው። የታችኛው ጫፍ ከዐይኑ ሥር ቀጥ ብሎ፣ የላይኛው ሰያፍ ሆኖ ይቆረጥ፤ ይህም ተገልብጦ እንዳይተከል ምልክት ይሆናል። ታቹ በተበሳ ጣሳ ሁለት እጅ የወንዝ አሸዋና አንድ እጅ አፈር ቀላቅሎ፣ ሁለት ዐይን ብቻ ከላይ እስኪቀር መትከል ይገባል። የመተማ ሰው አሸዋውን በሱዳን አትባራ ከሚባለው ከጓንግ ወንዝ ያገኛል። ጣሳው በጥላ ሥር ይቀመጥ፤ አፈሩ ይርጠብ እንጂ አይጨቅይ። ከሁለት ወር ያህል በኋላ ቀስ ብለው ሲስቡት እንቢ ካለ ሥር ሰዷል። ሆኖም የመጋቢትና የሚያዝያ ሐሩር ሳያልፍ፣ ዝናቡም ሳይጸና ከጥላው አይውጣ። መሬት ሲገባም ሁለት ስንዝር ከፍ ባለ ጉብታ ላይ ይሁን።

ጣሳው ሌላም ጥቅም አለው። በ2013 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ተሰደው በኡም ራኩባ እንደሰፈሩት ወገኖች ነገ የት እንደሚያድር የማያውቅ ሰው ተክሉን ይዞ ለመነሣት ይችላል። ድንበር የሚሻገር ከሆነ ግን አስቀድሞ ለዕፅዋት ኳራንቲን ሠራተኛ ያሳይ። በ2002 ዓ.ም. በምሥራቅ ወለጋ በጉቶ ጊዳ ወረዳ የታየው ነጭ የማንጎ ተባይ ከዚያ ወዲህ ወደ ብዙ ወረዳዎች ተዛምቷል፤ ይህን የመሰለ ተባይ በቅጠል ላይ ተጣብቆ ከችግኝ ጋር ይጓዛል።