ሰርቨር ሲዘገይ ጥፋቱ የማን ነው?



የማስተማር ልምምድ ሲደርስ የእኛ የዕጩ መምህራን ኑሮ ከወረቀት ጋር መሆኑን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የትምህርት ዕቅዱ፣ የፈተናው ወረቀት፣ የሥዕል መርጃው፣ ሁሉም ታትሞ መቅረብ አለበት። ባለፈው ሴሚስተር እኛም አራት ሆነን ለማግስቱ ጠዋት የሚያስፈልገንን ለማሳተም ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ ወዳለ አንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ሄድን። ከቀኑ 10 ሰዓት የገባን ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ድረስ እዚያው ቆየን። መብራት አልጠፋም፤ ቀለምም አላለቀም። ነገሩ «ፋይሉ ገና እየመጣ ነው» የሚል ብቻ ነበር። አንዱን ፎልደር ለማምጣት አራት ደቂቃ፣ መሐል ላይ ሲቋረጥ ደግሞ እንደገና ከሀ!

የቤቱን ባለቤት እትዬ እያልን ነው የምንጠራቸው። ሱቃቸው ቀድሞ ፒያሳ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ነባር ቤቶች ለመልሶ ማልማት ሲፈርሱ ዕቃቸውን ይዘው ወደ ድልድዩ ወረዱ። አዲስ ቦታ ላይ ደንበኛ እንደገና ከዜሮ የሚለመድ በመሆኑ አንድ ሰው ተበሳጭቶ በወጣ ቁጥር ይጎዳሉ። አንድ ጠጋኝ «ሰርቨሩ አርጅቷል፣ አዲስ ይግዙ» ብሏቸው ለቤት ኪራይ ያስቀመጡትን ገንዘብ ሊያወጡበት ተቃርበው ነበር። እዚያ የሚሠራውን ልጅ ደግሞ «ቀርፋፋው አንተ ነህ!» እያሉ ይቆጡታል። እውነቱን ለመናገር እኛም አብረን ተቆጥተነዋል።

በኋላ እንደተረዳነው ግን ሰርቨሩም አላረጀም፤ ልጁም አልቀረፈፈም። በዚህ ጽሑፍ ጥፋቱ የት እንደነበረና እንዴት እንደተገኘ ለማስረዳት እንሞክራለን። በተቋማችን የኮምፒዩተር ክፍልም ሆነ ነገ በምንመደብበት ት/ቤት ተመሳሳይ ነገር ሊገጥመን ስለሚችል ጉዳዩ የሁላችንም ነው።

ፋይል ሰርቨር ምንድነው?

ፋይል ሰርቨር ማለት የብዙ ኮምፒዩተሮችን ጽሑፍ በአንድ ቦታ የሚያስቀምጥ ኮምፒዩተር ነው። እንደ አንድ የጋራ መዝገብ ቤት ልንቆጥረው እንችላለን። በእትዬ ቤት አራት ኮምፒዩተሮች አሉ። የደንበኛው ሥራ ሁሉ ጥግ ላይ ባለችው በአንዷ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሦስቱ በኬብል ከእሷ እየጠሩ ያመጣሉ። አራቱንም የሚያገናኘው ስዊች የሚባለው ትንሽ ሣጥን ነው።

ይህ ኬብል የሚሠራበት ሥርዓት ኢተርኔት ይባላል። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1973 አሜሪካ አገር በዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል ነው። በ1980ዎቹ የተለመደው ፍጥነት በሰከንድ 10 ሜጋቢት ነበር። በ1995 ወደ 100፣ በ1999 ደግሞ በተራው የመዳብ ኬብል ወደ 1,000 ሜጋቢት ከፍ አለ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቢትና ባይትን በማደባለቅ ነው። ስምንት ቢት አንድ ባይት ስለሆነ 1,000 ሜጋቢት ማለት 125 ሜጋባይት ነው። እኛ የፈለግነው ፎልደር 240 ሜጋባይት ነበር። ስለዚህ በስሌቱ መሠረት ሁለት ሰከንድ፣ የተለያየ ማነቆ ቢታሰብም ሦስት ወይም አራት ሰከንድ ይበቃዋል። አራት ደቂቃ መፍጀቱ በሰከንድ 1 ሜጋባይት ብቻ እያለፈ ነው ማለት ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ድልድዩን አስብ። ከወዲህም ከወዲያም መንገዱ የቱንም ያህል ቢሰፋ መኪናው የሚያልፈው ድልድዩ በሚያሳልፈው ልክ ነው። እንግዲህ ጥያቄው ጠባቡ ድልድይ የቱ ነው የሚል ነበር።

ድራይቨርስ?

ድራይቨር ስንል ሹፌር ማለታችን አይደለም። በኮምፒዩተር ቋንቋ ድራይቨር እንደ አስተርጓሚ የሚያገለግል ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስ አንድ ቋንቋ ይናገራል፤ በውስጥ ያለው የኔትወርክ ካርድ ደግሞ ሌላ ቋንቋ። በመካከላቸው ሆኖ የሚያግባባቸው ድራይቨር ነው። ዊንዶውስ ተለውጦ አስተርጓሚው የድሮው ከሆነ ንግግሩ ጨርሶ ላይቋረጥ ይችላል፤ ግን ይንተባተባል። አሳሳቹም ነገር ይኸው ነው፤ ጨርሶ ቢበላሽ ኖሮ ሁሉም ሰው ያውቀው ነበር።

ምርመራው እንዴት ተካሄደ?

ከመካከላችን አንዱ ሁለተኛ ደረጃ ሳለ የኮምፒዩተር ክበብ አባል ነበር። ልምምዳችንን ከጨረስን በኋላ እትዬን አስፈቅደን ሱቁ ዝግ በሆነበት እሑድ ገባን። እትዬም «ልጆቼ፣ ብቻ የሰው ሥራ እንዳታጠፉብኝ» አሉን። በመሆኑም ከሁሉ በፊት የደንበኞቹን ፋይል በሙሉ ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጥን። ከዚያም ደብተር አውጥተን እያንዳንዱን ሙከራና የፈጀውን ጊዜ መመዝገብ ጀመርን።

1ኛ/ ዲስኩ ይሆን? በሰርቨሩ ላይ እንዳለን 240 ሜጋባይቱን ከአንድ ፎልደር ወደ ሌላው ገለበጥነው። ስድስት ሰከንድ ገደማ ፈጀ። ዲስኩ ደህና ነው። አንድ ጊዜ የተነበበ ፋይል በድጋሚ ሲጠራ ከማስታወሻው ቶሎ ሊመጣ ስለሚችል፣ እንዳያታልለን ለየሙከራው የተለያየ ፋይል ተጠቀምን።

2ኛ/ ስዊቹ ይሆን? ሰርቨሩን ትተን ከሁለተኛው ኮምፒዩተር ወደ ሦስተኛው ላክን። ሦስት ሰከንድ። ስዊቹም ደህና ነው።

3ኛ/ ኬብሉ ይሆን? የሰርቨሩን ኬብል በሌላው ኬብል ለወጥን፤ የስዊቹንም ቀዳዳ ቀየርን። ምንም ለውጥ የለም። የግንኙነቱን ፍጥነት ብናይ 1,000 ሜጋቢት ይላል። ይህ ቁጥር 100 ወይም 10 ቢል ኖሮ ኬብሉን እንጠረጥር ነበር።

4ኛ/ ሰርቨሩ ቶሎ ይመልሳል ወይ? ፒንግ በሚባለው ትእዛዝ ጠራነው። ወዲያው መለሰ። ግን ፒንግ በዊንዶውስ ላይ የሚልከው 32 ባይት ብቻ ነው። «አለህ?» ሲሉት «አለሁ» ያለ ሁሉ ሸክም ይችላል ማለት አይደለም።

እዚህ ላይ ደርሰን ግራ ገባን። ያ የተቆጣነው ልጅ በሩ ላይ ቆሞ ያየናል። በመጨረሻ አንዳችን «አንተስ ምን ትላለህ?» አልነው። እሱም እንዲህ አለ፤ «እኔ እንኳ ወደ ሰርቨሩ ስልክ ቶሎ ይገባል። ከሰርቨሩ ሳመጣ ነው የሚያስቸግረኝ። ደግሞ ዊንዶውሱ ከተቀየረ ጀምሮ ነው እንጂ ቤቱን ስንቀይር እንዲህ አልነበረም።»

ብንሞክረው እውነቱን ነው። ወደ ሰርቨሩ መላክ አራት ሰከንድ፤ ከሰርቨሩ ማምጣት አራት ደቂቃ። ልጁ ይህን ካወቀ ወራት ሆኖታል፤ የጠየቀው ሰው ግን አልነበረም።

ጥፋቱ ሲገኝ

ይህ መልስ ነገሩን ሁሉ አጠበበው። መቀበል የሚችል መላክ የማይችል ሰርቨር ከሆነ ችግሩ በሚልክበት በኩል ነው። የሰርቨሩን ዲቫይስ ማኔጀር ከፍተን የኔትወርክ ካርዱን ድራይቨር ስንመለከት ቀኑ እ.ኤ.አ. 2011 ይላል። ኮምፒዩተሩ ከዊንዶውስ 7 ወደ ዊንዶውስ 10 ሲሻገር የድሮውን ድራይቨር ይዞ ተሻግሯል።

ቀን ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም። ለምሳሌ ከዊንዶውስ ጋር አብረው የሚመጡ ብዙ ድራይቨሮች እ.ኤ.አ. ጁን 21 ቀን 2006 የሚል ቀን ተጽፎባቸው ይገኛል። ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ የካርዱ ፋብሪካ ያዘጋጀው ድራይቨር ካለ ያኛው እንዲቀድም ነው። ስለዚህ ከቀኑ ጋር አዘጋጁን፣ የእትሙን ቁጥርና በፋብሪካው ድረ ገጽ ላይ ያለውን አዲሱን እትም ማነጻጸር ያስፈልጋል።

እኛም ማረጋገጫ ፈለግን። ፋይል በኔትወርክ ሲላክ አንድ ላይ አይሄድም፤ ከ1,500 ባይት በማይበልጡ ቁራጮች ይከፋፈላል። የእኛ 240 ሜጋባይት ከ160 ሺህ በላይ ቁራጭ ይሆናል። ይህን የመቆራረጥ ሥራ ዋናው አንጎል ሊሠራው ይችላል፤ ወይም «ላርጅ ሴንድ ኦፍሎድ» በሚባለው ዘዴ ለካርዱ ሊሰጠው ይችላል። ድራይቨሩ ጉድለት ካለበት ካርዱ ሲቆራርጥ ቁራጮች ይጠፋሉ። ተቀባዩ «ይህ አልደረሰኝም» ይላል፤ ላኪው ይደግማል። ከዚህም የባሰው፣ ቁራጭ ሲጠፋ ላኪው መንገዱ የተጨናነቀ መስሎት ፍጥነቱን ይቀንሳል። ባዶ መንገድ ላይ እየተንፏቀቀ የሚሄድ መኪና ማለት ነው።

ስለዚህ ምንም ሌላ ነገር ሳንነካ ይህን አንድ ዘዴ አጠፋነውና ለካን። አሥር ሰከንድ! ማብሪያ ማጥፊያውን እንደነካን ከአራት ደቂቃ ወደ አሥር ሰከንድ ወረደ። መልሰን አበራነው፤ እንደገና አራት ደቂቃ። ከዚህ በኋላ ጥርጣሬ አልነበረንም።

ከካርዱ ፋብሪካ ድረ ገጽ አዲሱን ድራይቨር በስልክ ኢንተርኔት አውርደን በፍላሽ አመጣነው። ጫንነው፤ ኮምፒዩተሩን አጥፍተን አስነሣነው፤ ያጠፋነውንም ዘዴ መልሰን አበራነው። 240 ሜጋባይቱ በሦስት ሰከንድ መጣ። የወጣው ወጪ የስልክ ካርድ ብቻ ነው።

እናንተ ስትሞክሩት

ሀ/ ከመነካካታችሁ በፊት ፋይሉን ገልብጡ፤ የኮምፒዩተሩን ባለቤት አስፈቅዱ። በተቋማችን ከሆነ የክፍሉን ኃላፊ ሳታነጋግሩ እንዳትሞክሩ።

ለ/ አዲሱን ድራይቨር በእጃችሁ ሳትይዙ የድሮውን አታጥፉ። ካርዱ ሥራ ካቆመ በኋላ በምን ታወርዳላችሁ? አዲሱ ባይስማማም ዊንዶውስ ወደ ቀድሞው የመመለሻ ቁልፍ ስላለው እሱን ተጠቀሙ።

ሐ/ ድራይቨርን ከፋብሪካው ወይም ከዊንዶውስ ማሻሻያ ብቻ ውሰዱ። «ሁሉንም ድራይቨር በነፃ እናድሳለን» የሚሉ ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ ሌላ ጣጣ ይዘው ይመጣሉ።

መ/ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ በየጊዜው ለኩ፤ ጻፉ። ሦስት ነገር በአንዴ ቀይራችሁ ቢድን የቱ እንዳዳነው አታውቁም።

ሠ/ የዘገየ ሁሉ የድራይቨር ችግር አይደለም። የተቆረጠ ኬብል፣ የሞላ ወይም ሊሞት የተቃረበ ዲስክ፣ እያንዳንዱን ፋይል የሚፈትሽ ጸረ ቫይረስም ያዘገያል። መለካት ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

መደምደሚያ

አባቶች «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይላሉ። እትዬ ሰርቨሩን መጠየቅ ስላልቻሉ ልጁን ተቆጡ፤ እኛም እንደዚያው። ጠጋኙ ደግሞ ሳይለካ አዲስ ይገዛ አለ። «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» ማለት ይኸው ነው። አዲሱ ሰርቨር ቢገዛ ኖሮ መዘግየቱ ይጠፋ ነበር እንበል፤ ልጁ ግን «ቀርፋፋ» እንደተባለ ይቀር ነበር። የኪራዩም ገንዘብ ያልቅ ነበር።

በዚያን ዕለት እትዬ ቡና አፈሉልን። ልጁንም ከእኛ ጋር አስቀመጡት፤ መጀመሪያም የቀዱት ለእሱ ነበር። እኛም ይቅርታ ጠየቅነው፤ እሱ ግን ሳቀና «ምን አለበት» አለ። አሁን የመለኪያው ደብተር እሱ ዘንድ ነው። በየወሩ መጀመሪያ አንድ ፎልደር እያመጣ ሰከንዱን ይጽፋል።

በቅርቡ ሁላችንም ክፍል ውስጥ እንቆማለን። ከፊታችን መልስ የሚዘገይበት ተማሪ መቀመጡ አይቀርም። ሲነግሩት ቶሎ ይገባዋል፤ አውጥቶ መናገር ላይ ይንተባተባል። ቀርፋፋ ከማለታችን በፊት መቀበሉን ለብቻው፣ መመለሱን ለብቻው እንፈትሽ። ከሁሉ በፊት ግን ራሱን እንጠይቀው። እኛ አራት ሙከራ አድርገን ያላገኘነውን፣ በሩ ላይ የቆመው ልጅ ያውቀው ነበርና።