የሞተር ሙቀት በቁጥር ሲታይ

ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ውኃ ክፍት ድስት ላይ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ራዲያተር ውስጥ ግን ጥብቁ ክዳን ግፊት ስለሚይዝ ከ100 በላይም ሳይፈላ ይቆያል፤ ክዳኑ ያረጀበት መኪና ይህን አቅም ያጣል።

በብዙ መኪኖች የፋብሪካው የሙቀት ጌጅ ቀስት ሙቀቱ ከፍ ዝቅ ሲልም መሃል ላይ ይቆማል። ቀስቱ እስኪነሳ ቴስታታው ሊጣመም፣ ጓርኒሲዮኑም ሊቃጠል ይችላል። ለአሮጌ መኪና ቁጥር የሚያሳይ ጌጅ ማስገጠም ያዋጣል።

ጌጁን ለመግጠም ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የላይኛው የራዲያተር ቱቦ ይቆረጥና ሴንሰር የሚይዝ የብረት ማገናኛ ገብቶበት ግራና ቀኙ በፋሼታ ይጠብቃል። ማገናኛው ጎማ መሃል ስለሚቀመጥ ባለአንድ ሽቦ ሴንሰር ከሆነ ከሻሲው ጋር በሽቦ መያያዝ አለበት፤ አለዚያ ጌጁ በትክክል አያነብም።

ውኃው ፈስሶ ካለቀ ሴንሰሩ አየር ስለሚለካ ቁጥሩ ሊያታልል ይችላል። ስለዚህ ጌጅ ቢኖርዎም ጠዋት ሞተሩን ከማስነሳትዎ በፊት የራዲያተሩን ውኃ ይመልከቱ።